ሽፋኑ ከፍ ብሎ ሳለ ኩፍኝ ለምን ይመለሳል? ድሬዳዋና ሐረር ከመቶኛው በስተጀርባ

የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ በታወጀ ቁጥር በድሬዳዋና በሐረር ሁለት ጥያቄዎች ተከታትለው ይነሳሉ። የመጀመሪያው የወላጆች ነው፤ ልጄ በዘጠኝ ወሩ ተከትቧል፣ ካርዱም ቤት ተቀምጧል፣ ታዲያ አሁን በድጋሚ የሚከተበው ለምንድን ነው የሚል። ሁለተኛው ዜና የሚከታተሉ ሰዎች ጥያቄ ነው፤ የክትባት አፈጻጸም ሪፖርቶች ከፍተኛ መቶኛ እያሳዩ ኩፍኝ በየጥቂት ዓመቱ በወረርሽኝ መልክ የሚመለሰው እንዴት ነው የሚል። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጣቸው መልስ “ልጆቻችሁን አስከትቡ” ከሚለው ማሳሰቢያ አይዘልም።

ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው በሁለቱ ከተሞችና በዙሪያቸው ዋናው ችግር ክትባትን የሚቃወም ወላጅ መብዛቱ ሳይሆን፣ ጀምሮ የሚያቋርጥ ሕጻን መብዛቱ እንደሆነ ነው። ያ ሕጻን ደግሞ በአስተዳደር ወሰኖች መካከል ስለሚኖር በማንም መዝገብ ላይ በትክክል አይታይም።

በሽታው የሚጠይቀው ከፍታ

ኩፍኝ በቫይረስ የሚመጣና በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ነው። ታማሚው ካሳለ ወይም ካስነጠሰ በኋላ ቫይረሱ በክፍሉ አየር ውስጥ እስከ ሁለት ሰዓት ሊቆይ ስለሚችል፣ በሽተኛው ከወጣ በኋላ የገባ ልጅም ሊያዝ ይችላል። ነገሩን ይበልጥ የሚያከብደው በሽታው መተላለፍ የሚጀምረው ሽፍታው ከመውጣቱ አራት ቀን ያህል ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። እናት ልጇን ጉንፋን ብቻ የያዘው መስሏት አዝላው በድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ ስትውል፣ ልጁ በዚያው ዕለት በሽታውን እያዛመተ ሊሆን ይችላል። መከላከያ ባልያዘ ማኅበረሰብ ውስጥ አንድ የኩፍኝ ታማሚ በአማካይ ከ12 እስከ 18 ሰዎችን እንደሚያስይዝ ይገመታል፤ ከሚታወቁ ተላላፊ በሽታዎች መካከል በዚህ ረገድ የሚስተካከለው ጥቂት ነው።

ባለሙያዎች የወል መከላከያ (ሄርድ ኢሚዩኒቲ) የሚሉት፣ በሽታው የሚይዘው ሰው እያጣ ራሱ የሚቋረጥበትን ደረጃ ነው። ለኩፍኝ ይህ ደረጃ ወደ 95 በመቶ ይጠጋል። እዚህ ላይ በሕዝብ ውይይት የሚዘነጋው ነገር ቁጥሩ የአማካይ ጉዳይ አለመሆኑ ነው። አንድ ክልል በአማካይ 90 በመቶ ደርሶ፣ ያልተከተቡት ልጆች በሁለት ቀበሌዎች ተሰባስበው የሚኖሩ ከሆነ፣ ለቫይረሱ እነዚያ ሁለት ቀበሌዎች ይበቁታል። በጀጎል ግንብ ውስጥ ቤቶቹ ተያይዘው፣ በአንድ ግቢ በርካታ ቤተሰብ ተጋርቶ ሲኖር፣ የአንድ ግቢ ልጆች ሁሉ ወይ አብረው ተከትበዋል፣ ወይ አብረው ቀርተዋል።

የተከተቡት ልጆች ለምን ይታመማሉ?

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በዘጠኝ ወር ነው። ይህ ዕድሜ የተመረጠው ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን በማመዛዘን ነው። ሕጻኑ ከእናቱ ይዞት የሚወለደው መከላከያ በመጀመሪያዎቹ ወራት ክትባቱን ስለሚያዳክመው፣ ቆይቶ መከተቡ የተሻለ ውጤት ይሰጣል፤ ከልክ በላይ ማቆየቱ ደግሞ በሽታው በሚዘዋወርበት አገር ሕጻኑን ያለ ከለላ መተው ነው። በዘጠኝ ወር የሚሰጠው ክትባት የሚይዝላቸው፣ ማለትም መከላከያ የሚያስገኝላቸው ልጆች ከመቶ 85 ያህሉ ሲሆኑ፣ በአሥራ ሁለት ወር ቢሰጥ ቁጥሩ ወደ 95 ከፍ ይል ነበር።

ይህ አኃዝ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ በስሌት እንየው። በአንድ አካባቢ በዓመት 1,000 ልጆች ይወለዳሉ፣ ከእነዚህም 800ዎቹ የመጀመሪያውን ክትባት ይወስዳሉ እንበል። ክትባቱ የሚይዝላቸው 680 ናቸው። የቀሩት 320 ያልተከተቡ ወይም ተከትበው ያልያዘላቸው ናቸው። ሌላ ነገር ካልተደረገ በሦስት ዓመት ውስጥ ለበሽታው የተጋለጡት ልጆች 960 ይደርሳሉ፤ ይህም የአንድ ዓመት ውልድ ሙሉ ቁጥር ነው ማለት ይቻላል። ዘመቻዎች በየጥቂት ዓመቱ የሚደገሙበት፣ ወረርሽኝም ዑደት ያለው የሚመስልበት ምክንያት ከሞላ ጎደል ይኸው ክምችት ነው።

ስሌቱ ብዙ ጊዜ ግራ የሚያጋባ ሌላ ጥያቄንም ይመልሳል። ወረርሽኝ ሲነሳ “ከታመሙት መካከል የተከተቡ አሉበት” የሚል ወሬ ይሰማል፣ ወሬውም እውነት ነው። ከ1,000 ልጆች 900ው ተከትበው ቢሆን፣ ያልያዘላቸው 135 ይሆናሉ፤ ፈጽሞ ያልተከተቡት ደግሞ 100 ናቸው። በሽታው ሁሉንም ቢያገኛቸው ከታማሚዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የተከተቡ ይሆናሉ። ይህን ያየ ሰው ክትባቱ አይሠራም ቢል አይፈረድበትም፤ ሆኖም መነጻጸር ያለበት የታመሙት ብዛት ብቻ አይደለም። ከተከተቡት 900 ልጆች 765ቱ ሲድኑ፣ ካልተከተቡት 100 አንድም አልዳነም።

ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ከየካቲት 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአሥራ አምስት ወር እንዲሰጥ በመደበኛው መርሐ ግብር የገባው ለዚህ ነው። ብዙዎች እንደ ማጠናከሪያ ይመለከቱታል። ዋናው ሥራው ግን በመጀመሪያው ላልያዘላቸው ልጆች ሁለተኛ ዕድል መስጠት ነው፤ ከሁለት ክትባት በኋላ መከላከያ የሚያገኙት ከመቶ 97 ገደማ ይደርሳሉ። የትኛው ልጅ ከ85ቱ፣ የትኛው ከ15ቱ እንደሆነ ደም ሳይመረመር መለየት ስለማይቻል ለሁሉም ይሰጣል። መከላከያ ያለው ልጅ ተጨማሪ ቢወስድ ጉዳት አያገኘውም። በዘመቻ ወቅት ካርድ ሳይጠየቅ ሁሉም የሚከተብበት ምክንያትም ይህ ነው።

76 እና 42

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ12 እስከ 23 ወር ካሉ ሕጻናት መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ ያጠናቀቁት በአገር አቀፍ ደረጃ 39 በመቶ ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል። በድሬዳዋ ቁጥሩ 76 በመቶ ሲሆን በሐረሪ ክልል 42 በመቶ ነበር። በመካከላቸው ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ላለ ሁለት ከተሞች ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። እርግጥ ነው፣ በእንዲህ ያለ ጥናት ከትንንሽ ክልሎች የሚወሰደው የናሙና ብዛት አነስተኛ ስለሆነ ቁጥሩን እንደ ትክክለኛ ልኬት ሳይሆን እንደ ጠቋሚ መውሰድ ይሻላል። ጥናቱ ከተካሄደ ዓመታት ማለፋቸውም አይዘነጋም።

ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ከሁለቱ ከተሞች አጥር ውጭ ያለው ቁጥር ነው። በዚያው ጥናት ኦሮሚያ 25፣ ሶማሌ ደግሞ 22 በመቶ ነበሩ። ድሬዳዋ የተከበበችው በእነዚህ ሁለት ክልሎች፣ ሐረር ደግሞ በኦሮሚያ ነው። ከአወዳይ የተነሳ ጫት በዕለቱ ድሬዳዋና ጅግጅጋ ይገባል፤ ከባቡሩና ከጅቡቲ መንገድ ጋር የተሳሰረው ንግድ ሰውን ሲያመላልስ ይውላል፤ አትክልትና ወተት ይዘው ከገጠር የሚገቡ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ይመጣሉ። ቫይረሱ የሚጓዘው በእነዚህ መስመሮች እንጂ በአስተዳደር ካርታ አይደለም። ስለዚህ የድሬዳዋ 76 በመቶ በራሱ ጥሩ ቢሆንም፣ ከተማዋ በየቀኑ የምትቀላቀለው ከ22 እና ከ25 በመቶ ጋር ነው።

ማን ይቆጠራል?

የክትባት ሽፋን በሁለት መንገድ ይለካል። አንደኛው ቤት ለቤት በሚደረግ የናሙና ጥናት ሲሆን፣ ከላይ የተጠቀሰው ዓይነት ነው። ሁለተኛው የአስተዳደር ሪፖርት የሚባለው ነው፤ በዓመቱ የተሰጠው የክትባት ብዛት፣ ይከተባሉ ተብለው ለሚገመቱ ሕጻናት ቁጥር ተካፍሎ የሚገኝ መቶኛ ነው። በየዜናው የምንሰማው አብዛኛው አኃዝ የሁለተኛው ዓይነት ነው።

የዚህ ስሌት ችግር በሁለቱም ጫፍ አለ። ይከተባሉ ተብለው የሚገመቱት ሕጻናት ቁጥር የሚመነጨው ከሕዝብ ቆጠራ ሲሆን፣ የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ድሬዳዋ ከ340 ሺህ በላይ፣ ሐረሪ ክልል ደግሞ 183 ሺህ ያህል ሕዝብ ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ በየዓመቱ በዕድገት መጠን እየተባዛ የመጣ ግምት ነው። በመሐል ከተማ የሰፋው ሰፈር፣ በግጭትና በድርቅ ተፈናቅሎ የገባው፣ ለሥራ የመጣውና የሄደው ሁሉ በዚህ ብዜት ውስጥ ሊገባም ላይገባም ይችላል።

በሌላኛው ጫፍ፣ የተሰጠው ክትባት ሲቆጠር ሕጻኑ ከየት እንደመጣ ሁልጊዜ አይለይም። በሶማሌ ክልል ካለችው ሽንሌ የመጣች እናት ልጇን ድሬዳዋ ውስጥ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ብታስከትብ፣ ወይም በምሥራቅ ሐረርጌ ካሉት ከባቢሌና ከኮምቦልቻ በኩል የመጣች እናት ሐረር ብታስከትብ፣ ክትባቱ ለከተማው ይመዘገባል፤ ልጁ ግን በከተማው ዕቅድ ውስጥ አልነበረም። ሽፋን ከመቶ በላይ ሊወጣ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው። ከመቶ በላይ የወጣ ሪፖርት ስህተቱ ራሱን ስለሚያጋልጥ ብዙም አያስፈራም። የሚያስፈራው 93 ወይም 96 ብሎ የሚወጣውና እውነተኛ የሚመስለው ነው፤ ምክንያቱም ከውጭ የመጡት ልጆች ከከተማው የቀሩትን ልጆች ቦታ ሞልተው ሊሆን ይችላል።

ሌላ መንገድ የለም ማለት አይደለም። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በቀርሳና በሐረር የሚያካሂደው የሥነ ሕዝብና ጤና ክትትል፣ ቤተሰብን በስም መዝግቦ ልደትንና ሞትን በየጊዜው የሚከታተል ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ ባለበት ቦታ “ስንት ተከተበ” ሳይሆን “ማን ቀረ” ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ወጪው ከፍተኛ ስለሆነ በሁሉም ቀበሌ ይደረግ ማለት አይቻልም፤ የዘመቻ ሪፖርት በየጊዜው ከእንዲህ ዓይነት መዝገብ ጋር ቢመሳከር ግን ብዙ ነገር ይገለጥ ነበር።

የብልቃጡ ስሌት

የኩፍኝ ክትባት የሚመጣው በደረቅ ዱቄት መልክ ሲሆን፣ ከመሰጠቱ በፊት አብሮት በሚላከው ፈሳሽ ይበጠበጣል። የተለመደው ብልቃጥ ለአሥር ልጆች የሚበቃ ነው። አንዴ ከተበጠበጠ ግን ከስድስት ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የተረፈው ይደፋል። ከሌሎች ክትባቶች የሚለየው ይህ ነው፤ አንዳንዶቹ ተከፍተው ለሳምንታት ሊቆዩ ይችላሉ።

አሁን በአንድ ጤና ኬላ ጠዋት ላይ ሦስት እናቶች ዘጠኝ ወር የሞላቸውን ልጆች ይዘው መጡ እንበል። ባለሙያዋ ብልቃጡን ብትከፍት ሰባት ልጆች የሚከተቡበት ክትባት ይደፋል፤ ብክነቱም በሪፖርቷ ላይ ይታያል። ባትከፍትና “ሐሙስ ኑ፣ ሌሎችም ሲሰበሰቡ ይሰጣችኋል” ብትል፣ የቀረው ልጅ በየትኛውም ሪፖርት ላይ አይታይም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለአንድ ልጅም ቢሆን ብልቃጡ ይከፈት የሚል ነው። ይሁን እንጂ በቀን የተወሰነ የክትባት መርሐ ግብር፣ የአቅርቦት ሥጋትና ብክነትን የሚቆጥር አለቃ ባሉበት መመሪያውና ልማዱ ይለያያሉ። ከሦስቱ እናቶች አንዷ ከገጠር ቀበሌ ሁለት ሰዓት በእግር የመጣች ብትሆን ሐሙስ ላትመለስ ትችላለች። አምስት ልጆችን ብቻ የሚከትቡ ብልቃጦች አሉ፤ ዋጋቸው በነፍስ ወከፍ ሲታይ ከፍ ይላል፣ ማቀዝቀዣ ውስጥም ሰፋ ያለ ቦታ ይይዛሉ። የሚደፋው ሲቀንስና የሚመለስ ልጅ ሲጠፋ ግን ልዩነቱ ይጠባል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ለገጠር ቀበሌዎች ተጨማሪው ወጪ የሚያስቆጭ አይደለም።

ሙቀቱም አለ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ቅዝቃዜ መቆየት አለበት፤ ከመጋዘን እስከ ጤና ኬላ ያለው ይህ የማቀዝቀዣ መስመር ኮልድ ቼይን ይባላል። ሐረር በከፍታዋ ምክንያት ነፋሻማ ናት፤ ድሬዳዋና ወደ ሽንሌ ያለው ቆላ ግን መብራት ለግማሽ ቀን ሲጠፋ ይቅር የሚል የአየር ንብረት የላቸውም።

ግንዛቤ ወይስ ምቹነት?

ስለ ዝቅተኛ ሽፋን ሲወራ በመጀመሪያ የሚነሳው ቃል የግንዛቤ እጥረት ነው። ይህ አመለካከት መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ክትባቱ ከተሰጠ ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ አንዳንድ ልጆችን ትኩሳት ይይዛቸዋል፤ አስቀድሞ ያልተነገራት እናት ለቀጣዩ ቀጠሮ ብታመነታ አያስገርምም። ኩፍኝ የወጣበት ልጅ መርፌ አይወጋ፣ ከቤትም አይውጣ የሚለው ልማድም አልጠፋም። ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመና በ2010 በመጽሔቱ በተሰረዘ ጥናት የተነሳው ወሬም በስልክ እየዞረ እዚህ ደርሷል።

ሆኖም ቁጥሮቹ ሌላ ነገር ይናገራሉ። በ2008ቱ ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ በስድስት ሳምንት የሚሰጠውን የመጀመሪያውን ፔንታቫለንት፣ ማለትም አምስት በሽታዎችን የሚከላከለውን ክትባት የወሰዱ ሕጻናት 73 በመቶ ነበሩ። ኩፍኝ የተከተቡት ግን 54 በመቶ ናቸው። ከመቶ ሕጻናት አሥራ ዘጠኝ ያህሉ እናቶቻቸው ክትባትን አምነው፣ ተራ ጠብቀው፣ መርፌ አስወግተዋቸው ከዚያ በኋላ ቀርተዋል። የእነዚህ እናቶች ችግር በዋናነት የእምነት ነው ማለት ያስቸግራል። በአሥራ አራተኛው ሳምንትና በዘጠነኛው ወር መካከል አምስት ወር የሚያልፍ ረጅም ክፍተት አለ። እናት የወሊድ ዕረፍቷ ያልቃል፣ ወደ ገበያዋ ትመለሳለች፣ ቤት ትቀይራለች፣ ካርዱ ይጠፋል። ጠዋት ብቻ ክትባት የሚሰጥ ጤና ጣቢያ፣ ጠዋት ጠዋት ሸቀጥ ለምታወጣ እናት ዝግ ነው ማለት ይቻላል።

ዜሮ ዶዝ የሚባሉት፣ ማለትም የመጀመሪያውን ፔንታቫለንት እንኳ ያልወሰዱት ሕጻናት ጉዳይ ይለያል። ለእነሱ መንገድ፣ የአርብቶ አደሩ እንቅስቃሴና ጸጥታ ይወስናሉ። ኢትዮጵያ በዓለም ላይ ብዙ ዜሮ ዶዝ ሕጻናት ካሉባቸው አገሮች ተርታ ናት። ለእነዚህ የሚያስፈልገው ወደ ሰፈራቸው የሚሄድ ቡድን ነው፤ ጀምረው ላቋረጡት የሚያስፈልገው ደግሞ ስምና ስልክ የያዘ መዝገብ፣ የሚያስታውስ ሰውና ከሰዓትም የሚከፈት በር ነው። ሁለቱን በአንድ የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ለመፍታት መሞከር ሁለቱንም መሳት ይሆናል። በሐረር አፎቻ የሚባለው መረዳጃ ማኅበር፣ በድሬዳዋ ዕድር ማን እንደወለደና ማን ቤት እንደለወጠ ከየትኛውም መሥሪያ ቤት ቀድመው ያውቃሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠሩት ግን ለዘመቻ መክፈቻ ሥነ ሥርዓት ነው።

እምነት ሲናጋ የሚሆነውን ያሳየችው ሳሞአ ናት። በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለችው ይህች ደሴታማ አገር የሕዝቧ ብዛት 200 ሺህ ገደማ ነው፤ ከሐረሪ ክልል ጋር የሚቀራረብ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት ሕጻናት እንደተከተቡ ሞቱ። ምክንያቱ ክትባቱ አልነበረም፤ ዱቄቱ የተበጠበጠው በተመደበለት ፈሳሽ ሳይሆን በስህተት በተወሰደ ጡንቻ በሚያሰንፍ መድኃኒት ነበር። ክትባቱ ለወራት ተቋረጠ፣ ወላጆችም ሸሹ፤ የዚያ ዓመት ሽፋን 31 በመቶ ገደማ ሆነ። በ2019 ኩፍኝ ሲገባ ከ5,700 በላይ ሰዎች ታመሙ፣ 83ቱ ሞቱ፤ አብዛኞቹ ከአምስት ዓመት በታች ነበሩ። የበጠበጠው እጅ ሥልጠናና የሚከተለው ግልጽ ማብራሪያ የክትባቱን ያህል የሚያስፈልጉ መሆናቸው ከዚህ ይታያል።

ዘመቻ ወይስ መደበኛ ክትባት?

በባለሙያዎች መካከል ያለው ክርክር እዚህ ላይ ነው። ዘመቻን የሚደግፉት፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ የተከማቸውን ተጋላጭ ልጅ ቁጥር በአንድ ጊዜ የሚያወርድ ሌላ ዘዴ እንደሌለ ያስረዳሉ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት፣ ኮቪድ በተስፋፋበት ወቅት እንኳ፣ በአገሪቱ ከ14 ሚሊዮን በላይ ሕጻናት በዘመቻ ተከትበዋል። ተቺዎቹ ደግሞ ዘመቻ ባለሙያውን ከመደበኛ ሥራው እንደሚያነሳ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘውም ያንኑ መንገድ ዳር ያለውን የተከተበ ልጅ እንደሆነ ይናገራሉ። በዘመቻ የተሰጠው ክትባት ካርድ ላይ ስለማይመዘገብ እናት “ወስዷል” ብላ የአሥራ አምስት ወሩን ቀጠሮ ልትተው ትችላለች የሚልም ሥጋት አለ።

ሁለቱም ወገኖች ልክ ናቸው፤ የሚለያዩት በጊዜ አቆጣጠር ነው። የአሁኑን ክምችት ዘመቻ ያወርደዋል፣ ከላይ ባየነው ምሳሌ በዓመት 320 ልጅ እየጨመረ የሚሄደውን ፍሰት ግን አያቆመውም። ዘመቻው የሚለካው ስንት ልጅ ተከተበ በሚለው ሳይሆን፣ ከተከተቡት መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ የወሰዱት ስንት ናቸው በሚለው ቢሆን ክርክሩ ራሱ ይቀል ነበር። ይህን ለማወቅ ለእናት አንድ ጥያቄ ማቅረብ፣ በቆጠራ ወረቀቱም ላይ አንድ ዓምድ መጨመር ይበቃል።

ሊከተል የሚችለው

ኩፍኝ በአብዛኛው የሚገድለው በራሱ ሳይሆን በሚያስከትለው የሳንባ ምችና ተቅማጥ ነው፤ ምግብ ባነሰው ልጅ ላይ ደግሞ ይበረታል። የቫይታሚን ኤ እጥረት ያለበትን ልጅ ዓይን ሊያጠፋ ስለሚችል፣ ለታመመ ልጅ ሁሉ ቫይታሚን ኤ በሁለት ተከታታይ ቀናት መስጠት የሕክምናው አካል ነው። በሽታው ካለፈ በኋላም ጉዳቱ ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ ጥናት፣ ኩፍኝ ልጁ ቀድሞ ለሌሎች በሽታዎች ካዳበረው መከላከያ ከ11 እስከ 73 በመቶ የሚሆነውን እንደሚያጠፋ አሳይቷል። ድርቅ በተደጋገመበት ምሥራቅ ሐረርጌና ሽንሌ ባለችበት የሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን ይህ ማለት ከኩፍኝ የተረፈ ልጅ በቀጣዮቹ ወራት በተቅማጥ ወይም በሳንባ ምች ሊሞት፣ ሞቱም በኩፍኝ መዝገብ ላይ ላይገባ ይችላል ማለት ነው።

የገንዘቡ ነገር ጊዜውን ያጠበዋል። ለታዳጊ አገሮች ክትባት የሚገዛው ጋቪ የተባለው ዓለም አቀፍ ጥምረት ከትልልቅ ድጋፍ ሰጪዎቹ አንዷ የነበረችው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2025 ድጋፏን እንደምታቆም አስታውቃለች። የክትባቱ ግዢ ራሱ ቅድሚያ ስለሚሰጠው ምናልባት አይቋረጥም፤ ቀድመው የሚቀነሱት የነዳጅ አበል፣ የገጠር ጉዞና የመዝገብ ሥራ ናቸው፤ ጀምሮ ያቋረጠውን ልጅ የሚያገኙት ደግሞ እነዚሁ ናቸው።

ከገንዘብ ይልቅ ስምምነት የሚጠይቀው ግን የወሰኑ ጉዳይ ነው። የድሬዳዋ አስተዳደር፣ የሐረሪ ክልል፣ የምሥራቅ ሐረርጌና የሲቲ ዞን ጤና ጽሕፈት ቤቶች የከተቧቸውን የጎረቤት ልጆች ዝርዝር በየወሩ ቢለዋወጡ፣ የሽንሌው ልጅ ድሬዳዋ ላይ ሳይሆን ሽንሌ ላይ ይቆጠራል፤ ዘጠኝ ወሩን ወስዶ ለአሥራ አምስት ወሩ የቀረ እንደሆነም የሚፈልገው ጤና ኬላ ይኖረዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው በክትባት መዝገቡ ላይ አስቀድሞ ያለውን የአድራሻ ዓምድ በትክክል መሙላት ነው።